በኢትዮጵያ ስፍራዎች ስም የተሰየሙት የጣሊያን ሰርጓጅ መርከቦችና የ"ጎንደር" መጨረሻ

የፋሺስት ጣሊያን መንግሥት ኢትዮጵያን በወረረበት ዘመን በኃይል የያዛቸውን ስፍራዎች ስም ለባህር ኃይሉ ሰርጓጅ መርከቦች መጠሪያ አድርጎ ነበር። "አድዋ" በሚል ስም የሚታወቀው ይኸው ምድብ 17 መርከቦችን ያቀፈ ሲሆን፣ "ጎንደር"፣ "ደሴ"፣ "አክሱም"፣ "መቀሌ"፣ "ሽሬ"፣ "ነገሌ"፣ "አሸንጌ" እና "አላጄ" ከእነዚሁ መካከል ይገኙበታል።

የጎንደር ከተማ በጣሊያን ጦር የተያዘችው መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም ነበር። ስሟን የወሰደችው ሰርጓጅ መርከብ ደግሞ በጣሊያን ላስፔትሲያ ተገንብታ መስከረም 23 ቀን 1930 ዓ.ም ወደ ባህር ወርዳለች። መርከቧ 60 ሜትር ያህል ርዝመት የነበራት ሲሆን፣ ስድስት የቶርፔዶ መተኮሻዎች ተገጥመውላት ነበር።

ጣሊያን ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም ወደ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከገባች በኋላ "ጎንደር" ለልዩ ተልዕኮ ተዘጋጀች። በዚህም መሠረት በሁለት ጠላቂዎች የሚነዱና ፈንጂያቸው ከጠላት መርከብ ሥር የሚጠመድ ሦስት ቶርፔዶዎችን የሚይዙ፣ ውሃ የማያስገቡ ማቀፊያዎች ተሠሩላት።

መርከቧ መስከረም 11 ቀን 1933 ዓ.ም ከላስፔትሲያ ተነስታ በግብፅ እስክንድርያ ወደብ ወደነበረው የእንግሊዝ የጦር መርከቦች ጓድ አመራች። ይሁን እንጂ መስከረም 19 ቀን ወደ ስፍራው ስትቃረብ፣ ጓዱ ወደቡን ለቆ በመውጣቱ ተልዕኮው ተሰርዞ እንድትመለስ ታዘዘች። በዚያው ሌሊት "ስቱዋርት" የተባለችው የአውስትራሊያ የጦር መርከብ ደረሰችባት። ሌሊቱን ሙሉ በውሃ ውስጥ በሚፈነዱ ቦምቦች የተደበደበችው "ጎንደር" በማግሥቱ ጠዋት ወደ ላይ ለመውጣት የተገደደች ሲሆን፣ በገዛ ሠራተኞቿ እንድትሰምጥ ተደርጋለች። ከሠራተኞቿ አንዱ ሲሞት ሌሎቹ ተማርከዋል። ከምርኮኞቹ አንዱ የእነዚሁ ቶርፔዶዎች ፈልሳፊ ከነበሩት ሁለት መኮንኖች አንዱ የሆነው ኤልዮስ ቶስኪ ነበር።

ያልተሳካውን ተልዕኮ ከዓመት በኋላ የፈፀመችው "ሽሬ" ናት። ታህሳስ 10 ቀን 1934 ዓ.ም ከእርሷ የወጡት ጠላቂዎች "ኩዊን ኤልሳቤጥ" እና "ቫሊያንት" የተባሉትን የእንግሊዝ ታላላቅ የጦር መርከቦች በእስክንድርያ ወደብ ክፉኛ ጎድተዋል። "አክሱም" በበኩሏ ነሐሴ 6 ቀን 1934 ዓ.ም በሜዲትራንያን ባህር በአንድ ጊዜ በተኮሰቻቸው አራት ቶርፔዶዎች ሦስት መርከቦችን መታለች።

የምድቡ ፍፃሜ ግን ውድመት ሆኗል። "ነገሌ" በጥር 1933 ዓ.ም፣ "አድዋ" መስከረም 20 ቀን 1934 ዓ.ም፣ "ሽሬ" ነሐሴ 4 ቀን 1934 ዓ.ም፣ "ደሴ" ደግሞ ህዳር 19 ቀን 1935 ዓ.ም ሰምጠዋል። ከ17ቱ ጦርነቱን ያለፈችው "አላጄ" ብቻ ናት።

"ጎንደር" በሰጠመችበት ወቅት በሰሜን ሸዋ በራስ አበበ አረጋይ የሚመሩት አርበኞች ተጋድሏቸውን ቀጥለው ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም አዲስ አበባ ሲገቡ፣ የደሴ ከተማ ከዘጠኝ ቀናት በፊት ነፃ ወጥታ ነበር። በአምባላጄ የመሸገው የጣሊያን ጦር በግንቦት 1933 ዓ.ም እጁን የሰጠ ሲሆን፣ በጄኔራል ናዚ የሚመራው የመጨረሻው ጦርም ህዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም በጎንደር እጁን ሰጥቷል። በመሆኑም "ደሴ" የተባለችው ሰርጓጅ መርከብ ስትሰጥም ስሟን የወሰደችባት ከተማ ነፃ ከወጣች 19 ወራት አልፈዋት ነበር።