ገበያ የፈታውን አንደበት ክፍል ለምን ያስረዋል?

ሸሕዲ፣ በሌላ ስሟ ገንዳ ውኃ፣ ከጎንደር ወደ መተማ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ የምዕራብ ጎንደር ከተማ ናት። በ2015 ዓ.ም የሱዳን ጦርነት ከመቀስቀሱ በፊት ወደዚያ በሄድኩበት ወቅት፣ ከትምህርት ቤት መልስ ሻይ የሚሸጥ ታዳጊ ከሱዳናዊ ሹፌር ጋር በዓረብኛ ሲከራከርና ሲቀልድ አየሁ። ቋንቋውን የለመደው ከገበያው ነው። ለዓመታት የተማረውን እንግሊዝኛ ግን ክፍል ውስጥ ተናግሮበት አያውቅም። «ከተሳሳትኩ ይስቁብኛል» አለኝ።

ጉዳዩ ከእፍረት ያለፈ ነው። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል እንደ አንድ ትምህርት እንዲሰጥ፣ በሁለተኛ ደረጃ ደግሞ የማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን ደንግጓል። ስለዚህ በእንግሊዝኛ አፉን ያልፈታ ተማሪ ፊዚክስ ባይገባው እንኳ መጠየቅ ይቸግረዋል። በ1990ዎቹ አጋማሽ የገባው «ፕላዝማ»ም አላገዘውም፤ የቴሌቪዥኑ መምህር ጠይቆ፣ መልስ ሳይጠብቅ ያልፍ ነበርና።

በእኔ እምነት ገበያው ለልጁ የሰጠው ሦስት ነገር ነው፤ ምክንያት፣ ጊዜና ይቅርታ። መምህሩም ሦስቱንም ክፍል ውስጥ ሊያስገባቸው ይችላል።

ምክንያት፦ የሰሊጥ ዋጋ የተጻፈበትን ወረቀት ለአንዱ ተማሪ ብቻ ይስጥ፤ ሌላው እየጠየቀ ይድረስበት። አንዱ የማያውቀውን ሌላው ሲያውቅ ወሬው እውነተኛ ይሆናል።

ጊዜ፦ አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ሜሪ ባድ ሮው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ እንዳሳየችው፣ መምህራን ጠይቀው የሚጠብቁት በአማካይ 1 ሰከንድ ያህል ነበር። ወደ 3 ሰከንድ ከፍ ሲያደርጉት የተማሪዎቹ መልስ ረዘመ፤ ዝም የሚሉትም መናገር ጀመሩ።

ይቅርታ፦ ተማሪው በክፍሉ ሁሉ ፊት ከመቆሙ በፊት ከጎኑ ካለው ልጅ ጋር ይለማመድ። 60 ተማሪ ባለበት ክፍል ጥንድ ጥንድ ሆነው ሲያወሩ 30 ሰው በአንዴ ይናገራል። መምህሩም መሀል ገብቶ ከማረም ይልቅ ስህተቱን ማስታወሻው ላይ ይያዝና፣ ጨዋታው ሲያበቃ ስም ሳይጠራ ለሁሉም ያርም። «እባክህ ድገምልኝ»፣ «አልገባኝም» የሚሉትን ሐረጎችም አስቀድሞ ያስጠናቸው፤ ንግግር እንዳይቋረጥ የሚያደርጉት እነሱ ናቸውና።

እርግጥ፣ በምርጫ ጥያቄ የሚሰጥ ፈተና ንግግርን ስለማይለካ፣ መምህሩ ጊዜውን ሰዋስው ላይ ቢያጠፋ አይፈረድበትም። ይሁንና ያ ታዳጊ ነገ ለሥራ ቃለ መጠይቅ ሲቀርብ ምርጫ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ብሎ የሚጠይቀው የለም።