አይብ
አይብ ቅቤው ከወጣለት አሬራ የሚዘጋጅ ነጭ፣ ለስላሳና ፈርፋራ ምግብ ነው። ኩታበርን ጨምሮ በደቡብ ወሎ ደጋና በአብዛኛው የኢትዮጵያ ክፍል ይሠራል።

አዘገጃጀት፦ ያልፈላ ወተት በወይራ ጭስ በታጠነ ዕቃ ተጠራቅሞ ይረጋል። እርጎው ተንጦ ቅቤው ከወጣ በኋላ አሬራው በለዘብተኛ እሳት ከ40 እስከ 70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሞቃል፤ የረጋው ክፍል ከአጓቱ ተጠልሎ ይወጣል። ሙቀቱ ከ80 ዲግሪ ሲያልፍ ጣዕሙ ይለወጣል። ከአይብ 79 በመቶ ያህሉ ውሃ፣ 15 በመቶ ገደማው ፕሮቲን፣ 2 በመቶ ገደማው ስብ ነው።

ምርጫ፦ ትኩስ አይብ ነጭና በልኩ ጎምዘዝ ያለ ሊሆን ይገባል፤ ካሟለጨ ወይም ከመረረ አይበላም። የምዕራብ ጎጃሙ መታታ አይብ ግን በቅመም ተለውሶ ለረጅም ጊዜ ስለሚብላላ ጣዕሙ ጠንካራ ነው።

ማጣመር፦ ቅመም ያልገባበት ትኩስ አይብ የዶሮ ወጥንና የክትፎን ማቃጠል ያበርዳል። በጉራጌ ከጎመን ጋር፣ በንጥር ቅቤና በኮረሪማ ተለውሶ ይቀርባል። በኦርቶዶክስ ጾም አይበላም።

ጥንቃቄ፦ በዝቅተኛ ሙቀት የተሠራ አይብ እንደ ብሩሴሎሲስ ያሉ ከጥሬ ወተት የሚመጡ በሽታዎችን ሊያስተላልፍ ስለሚችል ነፍሰ ጡሮችና ሕፃናት በሚገባ ከፈላ ወተት የተሠራውን ቢመገቡ ይመረጣል።