በውጭ አገር የተመዘገበ ግላይደር የማብረር ፈቃድ

ግላይደር (ሞተር አልባ አውሮፕላን) ከአገሩ ውጭ የሚያበር ሰው ምን ዓይነት የአብራሪነት ፈቃድ ሊኖረው እንደሚገባ በመጀመሪያ የሚወስነው የአብራሪው ዜግነት ወይም የሚበርበት ምድር ሳይሆን አውሮፕላኑ የተመዘገበበት አገር ነው። የዚህ ደንብ መሠረት እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 7 ቀን 1944 በቺካጎ የተፈረመው የዓለም አቀፍ ሲቪል አቪዬሽን ስምምነት ነው።

መኪና መንዳት ለለመደ ሰው ነገሩ እንግዳ ሊመስል ይችላል። ሾፌር መንጃ ፈቃዱ በሚነዳበት አገር ከታወቀለት የመኪናው ታርጋ የየት አገር እንደሆነ ብዙም አያሳስበውም። በግላይደር ግን አስቀድሞ የሚታየው በአካሉ ላይ የተጻፈው የምዝገባ ምልክት ነው፤ የጀርመን በላቲኑ «ዲ»፣ የፈረንሳይ በ«ኤፍ»፣ የብሪታንያ በ«ጂ»፣ የአሜሪካ በ«ኤን»፣ የኢትዮጵያ ደግሞ በ«ኢቲ» ይጀምራል። አብዛኞቹ ግላይደሮች ድንበር የሚሻገሩት በአየር ሳይሆን ክንፋቸው ተነቅሎ በመኪና ተጎታች ላይ ተጭነው ነው። ይህም ቢሆን ምዝገባቸውን አይለውጠውም።

የስምምነቱ ድንጋጌዎች

በአንቀጽ 32 መሠረት በዓለም አቀፍ በረራ ላይ ያለ አውሮፕላን አብራሪ ፈቃዱን ያገኘው ከምዝገባው አገር መሆን አለበት፤ አለዚያ ያ አገር የሌላውን አገር ፈቃድ ያጸናለት መሆን ይኖርበታል። ማጽናት ማለት አዲስ ፈቃድ መስጠት ሳይሆን ባለው ላይ ዕውቅና መጨመር ነው፤ የመጀመሪያው ፈቃድ ካበቃ እሱም አብሮ ያበቃል። ያው አንቀጽ እያንዳንዱ አገር የራሱ ዜጋ ከሌላ አገር ያወጣውን ፈቃድ በራሱ ሰማይ ላይ አልቀበልም ሊል እንደሚችልም ይፈቅዳል። ስለዚህ በአገሩ ያላገኘውን ፈቃድ ከሌላ አገር አውጥቶ መመለስ ሁልጊዜ አያዋጣም።

አገሮች አንዱ የሌላውን ፈቃድ የሚቀበሉት የዓለም አቀፍ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት (ኢካኦ) ካወጣው ዝቅተኛ መስፈርት ካላነሰ ነው። ለግላይደር አብራሪ መስፈርቱ ቢያንስ 16 ዓመት ዕድሜ፣ 6 ሰዓት በረራ (ከዚህም 2 ሰዓቱ ብቻውን፣ 20 ጊዜ ተነሥቶ በማረፍ) እና የ2ኛ ደረጃ የጤና ምስክር ወረቀት ነው። አስቸጋሪው የጤናው ጉዳይ ነው። በአሜሪካ ግላይደር የሚያበር ሰው ለበረራ የማያበቃው ሕመም እንዳለበት እስካላወቀ ድረስ የጤና ምስክር ወረቀት አይጠየቅም። በአውሮፓ ኅብረትም ለመዝናኛ የሚበር ሰው ቀለል ያለ የጤና ምርመራ ይበቃዋል። ሁለቱም በአገራቸው ሕጋዊ ናቸው፤ ሆኖም ከመስፈርቱ በታች ስለሆኑ በሌላ አገር ለመብረር የዚያ አገር ፈቃድ ያስፈልጋል (አንቀጽ 40)።

አውሮፓ

ከኤፕሪል 8 ቀን 2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአውሮፓ ኅብረት የተለየ የግላይደር ፈቃድ ደንብ አለው። ሥልጠናው ቢያንስ 15 ሰዓትና 45 ጊዜ መነሣትና ማረፍን ይጠይቃል። በአንድ አባል አገር የተሰጠ ፈቃድ በሌላው አባል አገር ለተመዘገበ ግላይደርም ያለ ማጽናት ይሠራል፤ ስዊዘርላንድም በዚሁ ሥርዓት ውስጥ ናት። በአንድ ከሰዓት በኋላ የሁለት ሦስት አገር ድንበር በሚታለፍበት በአልፕስ ተራሮች ላይ ጥቅሙ ትልቅ ነው።

ብሪታንያ ከዚህ ሥርዓት መውጣቷ የደንቡን ባሕርይ በግልጽ ያሳያል። ከጃንዩዌሪ 1 ቀን 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በብሪታንያ የተሰጠ ፈቃድ በኅብረቱ አገሮች ለተመዘገበ አውሮፕላን በቀጥታ አይሠራም። ስለዚህ እንግሊዛዊው አብራሪ የራሱን ባለ«ጂ» ግላይደር እየጎተተ ወደ ፈረንሳይ ሄዶ መብረር ሲችል፣ እዚያው ከክለብ የተከራየውን ባለ«ኤፍ» ግላይደር በዚያው ፈቃድ ማብረር አይችልም። ሰማዩም ሰውየውም ያው ናቸው።

አሜሪካ

የአሜሪካ ደንብ ሁለት መውጫ አለው። በአሜሪካ የተመዘገበ አውሮፕላን በሌላ አገር ውስጥ ሲበር የዚያ አገር ፈቃድ በቂ ነው፤ ድንበር ከተሻገረ ግን አይሠራም። የውጭ አገር አብራሪ ደግሞ ፈቃዱ በሰጠው አገር ከተረጋገጠ በኋላ በእሱ ላይ የተመሠረተ የአሜሪካ የግል አብራሪ ፈቃድ ማውጣት ይችላል።

ሌሎች ግዴታዎች

ፈቃዱ ትክክል ቢሆንም አብራሪው የሚበርበትን አገር የአየር ትራፊክ ሕግ ማክበር አለበት (አንቀጽ 12)። የሬዲዮ መገናኛ መጠቀም የሚችለውም ከምዝገባው አገር የተሰጠ የሬዲዮ ፈቃድ ካለው ብቻ ነው። የምዝገባና ለበረራ ብቁነት የምስክር ወረቀቶች በአውሮፕላኑ ውስጥ መኖር አለባቸው። የመድን ውሎች ብዙውን ጊዜ አብራሪው ለዚያ አውሮፕላን የሚሠራ ፈቃድ እንዲኖረው ስለሚጠይቁ፣ በፈቃድ ጉድለት የበረረ ሰው አደጋ ቢደርስበት ካሳውን ከኪሱ ሊከፍል ይችላል።