የንጉሥ ድርጎ

ቤተ መንግሥቱ ራሱ ድንኳን በነበረበት ዘመን ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ የሚያድረውም የሚበላውም በንጉሡ የጦር ሰፈር ነበር። በ1520 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) ዓፄ ልብነ ድንግል ዘንድ የመጡት የፖርቱጋል መልእክተኞች ድንኳን ተተከለላቸው፤ ዳቦው፣ ጠጁና ሰንጋው ከንጉሡ ቤት ይመጣላቸው ነበር። አብሯቸው የነበረው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬስ እንደጻፈው ጓዛቸውን ከመንደር መንደር ይሸከም የነበረው ገበሬው ነው።

ለእንግዳ የሚሰፈረው ይህ ስንቅ ድርጎ ይባላል። በ1841 አንኮበር የገባው የእንግሊዙ ካፒቴን ሃሪስም ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ድርጎ ተቋድሷል። ከድርጎው ጋር ባልደረባ ይመደብ ነበር፤ ጉዳይ አስፈጻሚ ነው፣ የንጉሡ ዓይንም ነው። የንጉሥ ድርጎ የበላ ያለ ንጉሥ ፈቃድ አይወጣም ነበር። ፖርቱጋሎቹ ስድስት ዓመት ቆዩ። እነሱም ታድለዋል! ከእነሱ ቀድሞ የገባው የአገራቸው ሰው ፔሮ ዳ ኮቪልያ ርስትም ሚስትም ተሰጥቶት መሄጃ ግን ተከልክሎ፣ ከሃያ ዓመት በላይ እዚሁ ኖሮ አገኙት።

ይህ ልማድ ክፉኛ የተፈተነው በዓፄ ቴዎድሮስ ዘመን ነው። የእንግሊዝ መልእክተኛው ሆርሙዝድ ራሳም በጥር 1866 ንጉሡ ሰፈር ሲደርስ በክብር ተቀበሉት፤ ዓመቱ ሳያልቅ መቅደላ አምባ ላይ በእግር ብረት ታሰረ። ከዚያ ወዲያ ኑሮውን የሚገፋው መልእክተኞች ከምጽዋ ደብቀው በሚያመጡለት ብር ነበር፤ አምባው ላይ አትክልትም ተከለ። በሚያዝያ 1868 እስረኞቹን ለማስፈታት የመጣው የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ጦር ከአምባው ሥር ሲሰፍር ቴዎድሮስ ራሳምን ፈቱት፤ ለፋሲካም 1,000 ላምና 500 በግ ለጦሩ ላኩ። በአገሩ ልማድ ስጦታውን የተቀበለ እርቁን ተቀበለ። ንጉሡም እሺ የተባሉ መስሏቸው ነበር። ከብቱ በእንግሊዝ ዘቦች ታግዶ መቅረቱን ሲሰሙ ነገሩ ገባቸው፤ በማግስቱ ራሳቸውን ገደሉ። የመቅደላን ፍጻሜ ከመድፉ በላይ ይህ መንጋ ይነግረኛል።

የነገሥታቱ ለጋስነት ሲወራ የሚረሳው ከፋዩ ነው። ሰንጋው ከገበሬው በረት፣ ማሩ ከገበሬው ቀፎ ነበር፤ እንግዳው ሲሄድ ደግሞ ወታደሩ ቤቱ ይሰፍርበት ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ ይህን የወታደር ሰፈራ ለማስቀረት በ1892 አሥራት ደነገጉ። አሥራቱንም የሚከፍለው ያው ገበሬ ነበር።