ጥቁሩ ሰልፍ እና አጎቴ

አስራ አንደኛ ክፍል እያለሁ የክፍሌ ልጅ ፍላሽ ዲስክ አዋሰችኝ። ፊልም አለበት ብዬ ነበር የወሰድኩት። ውስጡ የተገኘው ግን «ማይ ኬሚካል ሮማንስ» የሚባል የአሜሪካ ሮክ ባንድ አልበም ነው፤ «ዘ ብላክ ፓሬድ»፣ ጥቁሩ ሰልፍ። ባንዱ ራሱ በ2013 ፈርሶ ነበር (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው)። እኔ መቼም ሠርጉ ካለቀ በኋላ የምደርስ ሰው ነኝ።

የባንዱ ታሪክ የሚጀምረው ሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 ኒው ዮርክ ውስጥ ነው። ዘፋኙ ጄራርድ ዌይ ሥዕል የተማረ ልጅ ነበር፤ ካርቱን ኔትወርክ ውስጥ በተለማማጅነት ይሠራ ነበር። መንትዮቹ ሕንፃዎች ሲወድቁ በዓይኑ አየ። ከዚያ በኋላ የያዘው ሥራ ትርጉም አጣበት፤ ወደ ሙዚቃ ዞረና ከጓደኞቹ ጋር ኒው ጀርሲ ውስጥ ባንዱን መሠረተ።

«ዘ ብላክ ፓሬድ» በኦክቶበር 2006 የወጣ ሦስተኛ አልበማቸው ነው። ፕሮዲውሰሩ ከግሪን ዴይ ጋር የሠራው ሮብ ካቫሎ ነበር። አልበሙ ሲከፈት መጀመሪያ የሚሰማው ጊታር አይደለም፤ የሆስፒታል የልብ መቆጣጠሪያ ማሽን ጩኸት ነው። ባለታሪኩ ስም የለውም፤ «ታማሚው» ብቻ ነው። ካንሰር ይዞታል፤ ይሞታል። የባንዱ ሐሳብ ደግሞ ይሄ ነው፦ ሞት ሲመጣ ሰው ከሁሉ አብልጦ የሚወደውን ትዝታ መስሎ ይመጣል። ለታማሚው ያ ትዝታ ልጅ ሳለ አባቱ ወስዶ ያሳየው የማርሽ ባንድ ሰልፍ ነው። ስለዚህ ሞት በከበሮና በጥሩምባ ይመጣለታል።

እንግሊዝ ውስጥ የአልበሙ ዋና ዘፈን አንደኛ ሆነ። ችግሩም የመጣው እዚያው እንግሊዝ ነው። በ2008 አንዲት ታዳጊ ራሷን ካጠፋች በኋላ ዴይሊ ሜይል ጋዜጣ ኢሞን እንደ አደገኛ የአምልኮ ቡድን አድርጎ ጻፈ። «ብላክ ፓሬድ»ንም የኢሞ ልጆች ከሞት በኋላ እንሄድበታለን የሚሉት ቦታ ነው አለ። ባንዱ ሐዘኑን ገልጾ፣ ራስን ማጥፋትን ሁሌም እንደሚቃወም ተናገረ። ልጆቹም በሜይ መጨረሻ ለንደን ጋዜጣው ቢሮ ደጃፍ ተሰልፈው ተቃወሙ። (ጄራርድ ዌይ «ኢሞ» መባልን ራሱ አይወደውም፤ እሱ ሌላ ጣጣ ነው።)

ጋዜጠኝነት ስማር ይህን ጽሑፍ ለክፍል ሥራ መረጥኩት። እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ ነገር ቀላል ነው፤ ጸሐፊዎቹ አልበሙን እስከ መጨረሻ የሰሙት አይመስልም። መዝጊያው ላይ ያለው ዘፈን እኮ ብቻውን ቢቀርም መኖርን የመረጠ ሰው ዘፈን ነው! (ከሱ ኋላ የተደበቀች አጭር የቀልድ ትራክ አለች፤ እሷን አትቁጠሩብኝ።)

ለነገሩ እኔም አልበሙን እስከ መጨረሻ እንድሰማ ያደረገኝ አጎቴ ነው።

ያን ዓመት አጎቴ እኛ ቤት ተኝቶ ነበር። ካንሰር ነው። ቤተሰቡ በሙሉ ያውቃል፤ ለሱ ግን «ጨጓራ ነው» ተብሎለታል። የኛን አገር ቤት ታውቁታላችሁ፤ ለታማሚ አይነገርም። ጠያቂ ሲመጣ እናቴ በር ላይ ቀድማ ትቀበልና በሹክሹክታ ታስጠነቅቃለች። እኔ ማታ ማታ አጠገቡ እየተኛሁ በጆሮ ማዳመጫ ጥቁሩን ሰልፍ እሰማ ነበር። እኛ ቤት ያልተባለውን ቃል የሚለው እሱ ብቻ ነበር።

«አንቺ፣ ምንድነው እንዲህ የምትሰሚው?» አለኝ አንድ ማታ።

አንዱን ጆሮ ሰጠሁት። ዘፈኑ በፒያኖ ብቻ ይጀምራል፤ ከዚያ የማርሽ ከበሮው ይገባል። ከበሮው ሲመጣ ፈገግ አለ። ልጅ እያለ አባቱ በትከሻው ተሸክሞ ጃንሜዳ ለጥምቀት እንደወሰደው፣ ከሰው ሁሉ በላይ ሆኖ የማርሽ ባንዱን እንዳየ ነገረኝ። የጥሩምባዎቹን ማብረቅረቅ ሳይቀር። ስለ አልበሙ ታሪክ አንድም ቃል አልነገርኩትም ነበር።

«ምን ይላል ዘፈኑ?»

«ስለ አንድ የታመመ ሰው ነው፣ ጋሼ።»

ዘፈኑ እስኪያልቅ ዝም ብሎ ሰማ።

«ሰውዬው ያውቃል?» አለኝ።

የሚጠይቀኝ ስለ የትኛው ሰውዬ እንደሆነ ገብቶኛል። «ያውቃል» አልኩት።

ማዳመጫውን ከጆሮው አወጣና መለሰልኝ። «ለእናትሽ እንዳትነግሪያት» አለኝ፤ ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው እንድከፍትለት ጠየቀኝ።