የኮርድ ሠንጠረዥ በኤክሴል ማክሮ

የኮርድ ሠንጠረዥ የዘፈን ወይም የመዝሙር ግጥም ከነኮርዱ የሚሰፍርበት ወረቀት ነው። ኪቦርዲስቱ፣ ጊታሪስቱና ቤዝ ተጫዋቹ በየትኛው ቃል ላይ ወደየትኛው ኮርድ እንደሚያልፉ ከእሱ ያነባሉ። ዜማውን አስቀድሞ ለሚያውቅ ሰው የተዘጋጀ ማስታወሻ ስለሆነ እንደ ኖታ እያንዳንዱን ድምፅ አይዘረዝርም። በእጅ፣ በወርድ ወይም ለዚሁ በተሠራ ፕሮግራም ሊዘጋጅ ይችላል፤ ይህ መጣጥፍ በኤክሴልና በመሰሎቹ፣ በማክሮ አማካይነት የሚሠራውን ይመለከታል። ማክሮ ማለት ሰው በእጁ እየደጋገመ የሚሠራውን ሥራ ኮምፒዩተሩ በአንድ ቁልፍ እንዲፈጽመው የሚጻፍ የትእዛዝ ዝርዝር ነው።

ዘዴው ለአማርኛ ግጥም በተለይ ይስማማል፤ ሺቱ በሴል የተከፋፈለ ነው፣ ፊደላችንም ከሞላ ጎደል በቀለም በቀለም የተከፋፈለ ነው። ችግሩ የሚመጣው ከዜማው በኩል ነው። ከውጭ ተቀድቶ የመጣ የኮርድ ማክሮ የሚያውቀው ሜጀርና ማይነርን ብቻ ነው፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ የተባሉት ቅኝቶች ምን እንደሆኑ ካልተነገረው የሀገር ቤት ዜማ ላይ የማይሆን ኮርድ ይደረድራል።

በአርሲ ደጋ

ዘዴው የት እንደሚጠቅም ለማየት ዲክሲስን እንውሰድ፤ በኦሮሚያ ክልል፣ በአርሲ ዞን፣ ስንዴና ገብስ በሚዘራበት ደጋ የምትገኝ ወረዳ ናት። የዞኑ ዋና ከተማ አሰላ ከአዲስ አበባ 175 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። በዚህ ደጋ አፋን ኦሮሞና አማርኛ ጎን ለጎን ይነገራሉ፤ ስለዚህ ሠርግ የሚያጫውት ባንድም ሆነ በቤተ ክርስቲያን የሚያገለግል ኳየር በሁለቱም ቋንቋ የተጻፈ ግጥም ያስፈልገዋል። አንዱ በፊደል፣ ሌላው ከ1991 (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ) ጀምሮ በሚሠራበት ቁቤ ይጻፋል። ኤክሴል የመምህራን ደመወዝ በሚሠራበት፣ የኅብረት ሥራ ማኅበር ሒሳብ በሚያዝበት ኮምፒዩተር ላይ ሁሉ ይገኛል፤ ኢንተርኔትም አይጠይቅም። የተማሪዎችን ውጤት ሮስተር ላይ መሙላትና ደረጃ ማውጣት የለመደ መምህር ለኮርድ ሠንጠረዥ የሚያስፈልገውን ግማሽ ዕውቀት ከወዲሁ ይዟል።

ሁሉም ዜማ ግን ሠንጠረዥ አይፈልግም። የአርሲ ሴቶች ሲንቄ የተባለውን በትር ይዘው በአቴቴ ሥርዓት የሚያዜሙት በአውጪና በተቀባይ የሚሄድ ነው፤ መሠረቱ ድምፅና ምት ነው፤ ኮርድ በሥሩ ማስገባት ማክሮም ሆነ ሰው ባይሞክረው ይሻላል።

ከቃል በላይ ምልክት መጻፍ

በግጥም ላይ የዜማ ምልክት ማስፈር ለኢትዮጵያ አዲስ ነገር አይደለም። የቅዱስ ያሬድ ዜማ በግዕዝ፣ በዕዝልና በአራራይ ሲዜም፣ ምልክቶቹ ከንባቡ በላይ በትናንሽ ፊደልና ጭረት ይሰፍራሉ። ትውፊቱ ይህን ሥርዓት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን (1540–1559 እ.ኤ.አ.) ለነበሩት ለአዛዥ ጌራና ለአዛዥ ራጉኤል ይሰጣል። ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ቅናት፣ ሂደትና ቁርጥ የድምፁን አካሄድ ያመለክታሉ፤ ከእነዚህ ሌላ ከራሱ ከንባቡ የተወሰዱና የታወቀ ዜማን የሚያስታውሱ ከ500 በላይ የፊደል ምልክቶች አሉ። ምልክቱ የተሸከመው ነገር ከኮርድ ፈጽሞ ይለያል። የአጻጻፉ ችግር ግን አንድ ነው፦ ምልክቱ በትክክለኛው ፊደል ራስ ላይ ካልተቀመጠ አንባቢውን ያስታል።

ዛሬ ምልክቱን የምናሰፍርበት ሺት ግን የመጣው ከሒሳብ ሥራ ነው። ቪዚካልክ በ1979፣ ሎተስ 1-2-3 በ1983፣ ኤክሴል ደግሞ (ለማኪንቶሽ) በ1985 ወጡ። ዛሬ ማክሮ የሚጻፍበት ቪቢኤ የተባለው ቋንቋ ኤክሴል ውስጥ የገባው በ1993 ነው። በሊብሬኦፊስ ቤዚክ፣ በጉግል ሺት ደግሞ አፕስ ስክሪፕት ያንኑ ሥራ ይሠራሉ።

ኮርዱ ቁጥር ሲሆን

ዘማሪ ወይም ዘፋኝ ሲቀየር ኪው ይቀየራል። በጂ የተለማመዱት መዝሙር ለአዲሷ ዘማሪ ዝቅ አለባት እንበል። ወደ ቢ ፍላት ሲወጣ ጂ ቢ ፍላት ይሆናል፣ ሲ ኢ ፍላት፣ ዲ ኤፍ፣ ኢ ማይነር ደግሞ ጂ ማይነር። ይህን ለአንድ ገጽ በእርሳስ መሥራት ይቻላል፤ ለሙሉ የመዝሙር ደብተር ግን አድካሚ ነው፣ ስህተትም አይጠፋውም።

ማክሮው የሚያደርገው 12ቱን ድምፆች ከ0 እስከ 11 መቁጠር ነው። ሲ 0፣ ዲ 2፣ ኢ 4፣ ኤፍ 5፣ ጂ 7፣ ኤ 9፣ ቢ 11፤ በመካከላቸው ሻርፕና ፍላቶቹ ይገባሉ። ከጂ ወደ ቢ ፍላት ያለው ርቀት 3 ግማሽ ድምፅ ስለሆነ በእያንዳንዱ ኮርድ ላይ 3 ይደመራል፣ ለ12 ይካፈላል፣ ቀሪው ብቻ ይወሰዳል። ኤ ላይ 5 ቢደመር 14 ይመጣል፤ ቀሪው 2 ነው፤ ስለዚህ ዲ። ማይነር፣ 7 ወይም ሌላ ቅጥያ ሳይነካ ይቀጥላል። ባሱ ለብቻው በእዝባር የተጻፈበት ኮርድ ከሆነ ግን ከእዝባሩ ወዲያ ያለውም ስም አብሮ መቀየር አለበት።

ጀማሪ በብዛት የሚሳሳተው ፈልጎ የመተካት ትእዛዝ ሲጠቀም ነው። ሁለት ግማሽ ድምፅ ለመውጣት መጀመሪያ ሲን ሁሉ በዲ፣ ቀጥሎ ዲን ሁሉ በኢ ቢተካ፣ ቅድም ሲ የነበረውም ኢ ሆኖ ይገኛል። ደኅናው መንገድ እያንዳንዱን ሴል አንዴ ብቻ አንብቦ ውጤቱን በሌላ ሺት ላይ መጻፍ ነው። ማክሮ የሠራውን ኤክሴል በአንዱ መቀልበሻ ቁልፍ አይመልሰውም፤ ስለዚህ ዋናውን ሺት አለመንካት ግዴታ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሌላው ስውር እንቅፋት ወደ ታች ሲወረድ ይመጣል። ከ0 ላይ 1 ሲቀነስ የኤክሴል ሴል ውስጥ ያለው የቀሪ ቀመር 11 ይሰጣል፤ የቪቢኤው የቀሪ ትእዛዝ ግን ከዜሮ በታች 1 ይሰጣል፤ በዚያ ቁጥር የሚጠራ ድምፅ የለም። መድኃኒቱ ቀሪውን ከመውሰድ በፊት 12 መጨመር ነው። ስሙንም ማስተካከል ያስፈልጋል፤ 10 በቁጥር አንድ ነው፣ በኤፍ ሜጀር ግን ቢ ፍላት እንጂ ኤ ሻርፕ ተብሎ አይጻፍም። ለዚህ ሁለት የስም ዓምዶች፣ አንዱ ለሻርፕ ኪዎች ሌላው ለፍላት ኪዎች፣ ይዘጋጃሉ።

አንዳንዶች ስሙን ትተው ቁጥሩን ይጽፋሉ። በናሽቪል የስቱዲዮ ሙዚቀኞች ዘንድ በ1950ዎቹ መጨረሻ ኒል ማቲውስ የጀመረው፣ ቻርሊ ማኮይ ያስፋፋው ዘዴ ኮርዱን በስኬሉ ውስጥ ባለው ተራ ቁጥር ይጠራዋል፤ ኪው ቢቀየርም ወረቀቱ አይቀየርም። በኤክሴል ሲጻፍ ግን ዓምዱ አስቀድሞ በጽሑፍ ዓይነት ካልተሰየመ 1/3 የሚለውን ኮርድ ፕሮግራሙ ቀን ነው ብሎ ይለውጠዋል።

ፊደልና ሴል

በወርድ ላይ ኮርድን ከቃል በላይ ለማድረግ በባዶ ቦታ መግፋት የተለመደ ነው። የግዕዝ ፊደላት ስፋታቸው ስለሚለያይ ፎንቱ ወይም መጠኑ ሲቀየር ኮርዱ ሁሉ ከቦታው ይንሸራተታል። በኤክሴል ግን በላይኛው ረድፍ ኮርዱ፣ በታችኛው ረድፍ ፊደሉ፣ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ሴል ሲቀመጡ አንዱ ከሌላው አይነቀልም። ማክሮው ስንኙን ተቀብሎ ፊደል በፊደል በሴል ይበትነዋል፤ አዘጋጁ ከፊደሉ በላይ ኮርዱን ብቻ ይሞላል።

ፊደል ሁሉ ግን ቀለም አይደለም፤ ሳድስ አንዳንዴ አናባቢ የለውም። አሰላ ሦስት ፊደል፣ ሦስት ቀለም ነው። ዲክሲስ አራት ፊደል ቢሆንም ሲዜም ዲክ–ሲስ ተብሎ ሁለት ቀለም ብቻ ነው፤ ክ እና ስ ከፊታቸው ባለው ፊደል ላይ ይጠጋሉ። ጭላሎ በሚለው ቃል መጀመሪያ ላይ ያለው ጭ ግን ሳድስ ሆኖ ሳለ ይነበባል፤ ቃሉም ሦስት ቀለም አለው።

ዩኒኮድ እዚህ ላይ ትልቅ እገዛ ያደርጋል። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ 3.0 በ1999 ሲገባ ከ4608 ጀምሮ በየቤቱ ስምንት ስምንት ቦታ ተሰጠው። ስለዚህ የማንኛውም ፊደል ቁጥር ለ8 ሲካፈል ቀሪው ደረጃውን ይናገራል፤ ግዕዝ 0፣ ካዕብ 1፣ ሳልስ 2፣ ራብዕ 3፣ ኃምስ 4፣ ሳድስ 5፣ ሳብዕ 6። ማክሮው ቀሪው 5 የሆነውን፣ በቃል መጀመሪያ ላይም ያልሆነውን ፊደል ከፊተኛው ጋር በአንድ ሴል ያስገባዋል፤ የቀረውን የሰው ጆሮ ያርማል። የሚጠብቅና የሚላላ ድምፅ በፊደላችን ስለማይለይ በዚህ በኩል ማክሮው አይረዳም። በድሮው ቪዥዋል ግዕዝ ዓይነት ፎንት የተጻፈ ግጥምም ወደ ዩኒኮድ ሳይገለበጥ ይህን ፈተና አያልፍም፤ ከጀርባው ያለው የላቲን ቁጥር ነውና።

የአፋን ኦሮሞ ግጥም ሌላ ሕግ ይፈልጋል። በቁቤ ረጅም አናባቢ በድርብ ይጻፋል፣ የሚጠብቅ ተነባቢም በድርብ ይጻፋል፣ ሁለት ፊደል ተጣምሮ አንድ ድምፅ የሚሆንበትም አለ። ማክሮው ጥንዶቹን አስቀድሞ ካላወቃቸው ከመካከላቸው ይሰነጥቃቸዋል። በአንጻሩ መጥበቅና መላላቱ ተጽፎ ስለሚገኝ፣ ጥንዶቹን ካወቀ በኋላ ቀለሙን የሚለየው ከአማርኛው ይልቅ በተሻለ እርግጠኛነት ነው።

ቪቢኤ የሚጻፍበት መስኮት የግዕዝ ፊደል አያሳይም፤ አዝማች ብሎ የጻፈ ሰው የጥያቄ ምልክት ተደርድሮ ያገኛል። ስለዚህ አዝማች፣ መግቢያ፣ ድልድይ የመሳሰሉት ስሞች በአንድ ሺት ሴሎች ውስጥ ተጽፈው ማክሮው ከዚያ እንዲያነባቸው ይደረጋል። በተለመደው የፋይል መጻፊያ ትእዛዝ ወደ ተራ ጽሑፍ የተላከ ግጥምም እንዲሁ ይጠፋል፤ በዩቲኤፍ-8 የሚጽፍ ሌላ መንገድ መጠቀም ያስፈልጋል።

ፋይሉን ማካፈል

ከ2007ቱ ኦፊስ ወዲህ ማክሮ ያለበት ፋይል የራሱ መለያ ቅጥያ አለው። በ1999 የተሰራጨውን ሜሊሳን ጨምሮ ብዙ ቫይረሶች በማክሮ ስለተላለፉ ማይክሮሶፍት ከ2022 ጀምሮ ከኢንተርኔት የመጣ ፋይል ላይ ያለ ማክሮን በራሱ ይዘጋል። ከማይታወቅ ሰው የመጣውን አለመክፈት ይገባል። በስልክ ላይ ያለው ኤክሴል የቪቢኤ ማክሮ አያሠራም፤ ስለዚህ ለባንዱ የሚላከው ፒዲኤፍ ነው፣ ማክሮው ከአዘጋጁ ዘንድ ይቀራል።

ቅኝትና ኮርድ

ኢትዮጵያ ውስጥ የሀገሩን ቅኝት ከምዕራቡ ኮርድ ጋር የማስታረቅ ሥራ ረጅም ታሪክ አለው። በ1924 ወደ አዲስ አበባ የመጡትን 40 አርመናውያን ወጣቶች ያሠለጠነው ኬቮርክ ናልባንዲያን፣ በኋላም ለቴአትር ቤት ኦርኬስትራ ያቀናበረው ነርሰስ ናልባንዲያን፣ ኢትዮ-ጃዝን የፈጠረው ሙላቱ አስታጥቄ ሁሉም ይህን ጥያቄ በየራሳቸው መልሰውታል። ማክሮ ለዚህ ጥያቄ ጥበብ አይሰጥም፤ ጥያቄው የት ላይ እንዳለ ግን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል።

የቅኝቱ አምስት ድምፆች ከመነሻው ባላቸው ርቀት በአምስት ሴሎች ይጻፋሉ። ማክሮው ከ12ቱ ድምፅ በእያንዳንዱ ላይ አንድ ሜጀርና አንድ ማይነር፣ በድምሩ 24 ኮርድ ይሠራል፤ ሦስቱም ድምፆቹ ከአምስቱ ውስጥ የሚገኙለትን ብቻ ያስቀራል። መነሻውን ሲ አድርገን እንየው። ትዝታ ሜጀር 0፣ 2፣ 4፣ 7፣ 9 ነው፤ የሚያልፉት ሲ ሜጀርና ኤ ማይነር ናቸው። ትዝታ ማይነር 0፣ 2፣ 3፣ 7፣ 8፤ ሲ ማይነርና ኤ ፍላት ሜጀር። ባቲ በሜጀር መልኩ 0፣ 4፣ 5፣ 7፣ 11፤ ሲ ሜጀርና ኢ ማይነር። በማይነር መልኩ 0፣ 3፣ 5፣ 7፣ 10፤ ሲ ማይነርና ኢ ፍላት ሜጀር። አምባሰል 0፣ 1፣ 5፣ 7፣ 8፤ ዲ ፍላት ሜጀርና ኤፍ ማይነር። አንቺሆዬ 0፣ 1፣ 5፣ 6፣ 9፤ ኤፍ ሜጀርና ኤፍ ሻርፕ ማይነር።

ከእያንዳንዱ ቅኝት ሁለት ሁለት ኮርድ ብቻ ተገኘ። በትዝታና በባቲ ከሁለቱ አንዱ በመነሻው ድምፅ ላይ የቆመ ስለሆነ ዜማው ሲያርፍ ኮርዱም አብሮ ያርፋል። በአምባሰልና በአንቺሆዬ ግን በመነሻው ላይ የሚቆም ኮርድ የለም። ኪቦርዲስት በአምባሰል መጨረሻ ላይ ሲ ማይነር ሲይዝ ኢ ፍላትን ከውጭ አምጥቷል ማለት ነው፤ ሲ ሜጀር ሲይዝ ደግሞ ኢን። ይህ ስህተት ነው ማለት አይቻልም፤ አቀናባሪ አውቆ ሊመርጠው ይችላል። ጥሩ ሠንጠረዥ ግን ከቅኝቱ ውጭ የሆነውን ኮርድ ሴሉን በቀለም ለይቶ ያሳያል፤ ተጫዋቹም የተዋሰውን ድምፅ ዘፋኙ ላይ እንዳይጋጭ ያሳንሰዋል ወይም ይተወዋል። ቁጥሩ ራሱ ለኪቦርድ የተስተካከለ ግምት ነው፤ ማሲንቆና ክራር በጆሮ ስለሚቃኙ ከእነዚህ ርቀቶች ከፍ ወይም ዝቅ ይላሉ።

ለአምባሰል ማረፊያ የሚያዋጣው መነሻውንና ከእሱ 7 ግማሽ ድምፅ ላይ ያለውን ብቻ መያዝ ነው፤ ሁለቱም በቅኝቱ ውስጥ አሉ፣ በሠንጠረዡም ላይ ኮርዱ በ5 ይጻፋል። በአንቺሆዬ ግን 7 ራሱ የለም። እዚያ ቤዙ መነሻውን ይዞ ይቆያል፤ በሴሉም ውስጥ የሚሰፍረው አንድ የድምፅ ስም ብቻ ነው።