የጄኖዋው ጉቶ

ቀረብ በሉና ስለ አንድ ዛፍ ላውጋችሁ፤ ስሙ ቼስትነት ይባላል። በጣሊያን፣ ከጄኖዋ ወደብ ጀርባ በተነሡት ተራሮች፣ ስንዴ እንቢ ባለበት ዳገት ላይ ይበቅላል። የአገሩ ሰው ፍሬውን ከእሾሃም ልባሱ ፈልቅቆ ቆጥ ላይ ያሰጣዋል፤ ከሥር ለዘብ ያለ እሳት እያነደደ ለሳምንታት ያደርቀዋል። ከዚያ ልጦ፣ ፈጭቶ ገንፎ ያገነፋል። ስንቱን ቤተሰብ ከክረምት ያሻገረ ዛፍ መሰላችሁ!

እንጨት የፈለገ ደግሞ ግንዱን ከመሬት አስጠግቶ ይቆርጠዋል። ዛፉ ሞተ? የለም! የባሕር ዛፍ ጉቶ ሲያቆጠቁጥ ያየ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ብርዱ ሲያልፍ ጉቶው ዙሪያውን ያቆጠቁጣል፤ በ15 ወይም በ20 ዓመት ለአጥርና ለወይን ድጋፍ የሚሆን ቀጥ ያለ እንጨት ይደርሳል። ታኒን ስላለው አፈር ውስጥ ቢተከል እንኳ ቶሎ አይበሰብስም። አያት የቆረጠውን ጉቶ የልጅ ልጅ ደግሞ ይቆርጠዋል።

እንዲህ ሲኖሩ ክፉ ወሬ ተሰማ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1904፣ ኒው ዮርክ፣ በብሮንክስ የዱር እንስሳት ማቆያ፣ ከእስያ የመጣ ፈንገስ የአሜሪካን ቼስትነት ሲገድል ታየ። በቅርፊቱ ስንጥቅ ይገባል፤ ግንዱን ዙሪያውን ያንቀዋል፤ ከቁስሉ በላይ ያለው ሁሉ ይደርቃል። በግማሽ ምዕተ ዓመት በቢሊዮን የሚቆጠር ዛፍ አለቀ። በ1938 ያው ፈንገስ ጄኖዋ ደረሰ። ወዮ ለተራራው ሰው!

የሆነው ግን ያልተጠበቀ ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ አንቶኒዮ ቢራጊ የተባለ የዕፅዋት በሽታ ሊቅ በጄኖዋ አቅራቢያ፣ ከጉቶ ባቆጠቆጠ ደን ውስጥ፣ ቁስላቸው የጠገገ ዛፎች አገኘ። ዣን ግራንት የተባለ ፈረንሳዊ ተመራማሪ ቁስሉን ሲመረምር፣ ብርቱካናማ መሆን የሚገባው ፈንገስ ነጥቷል። ለካ የታመመው ገዳዩ ራሱ ኖሯል! ኋላ እንደታወቀው ቫይረስ ይዞታል፤ ከሌላው ፈንገስ ጋር ሲገናኝም ሕመሙን ያጋባበታል።

እኔን ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን ጉቶው ነው። ፈንገሱ አፈር ውስጥ ያለውን ሥር አይገድልም፤ ግንዱ ቢደርቅም ሥሩ ደግሞ ያበቅላል። ሥሩ አብሮ ቢሞት ኖሮ መድኃኒቱ የሚደርስለት ዛፍ ከየት ይገኝ ነበር? አሜሪካም ጉቶው ያቆጠቁጣል፤ የዚያ አገር ፈንገስ ግን ዘሩ ብዙ ነውና ቫይረሱ ከአንዱ ወደ ሌላው በቀላሉ አይተላለፍም። በፈረንሳይ ግን ገበሬዎች በቁስሉ ዙሪያ ቀዳዳ እየበሱ የታመመውን ፈንገስ ይጨምሩበታል። አስቀድሞ ግን በማሳው ያለው ፈንገስ የየትኛው ዘር እንደሆነ መለየት አለበት፤ ዘሩ ካልገጠመ ሕመሙ አይጋባም።